መኮንን ያልሆነችው ጋላቢ

ጁላይ 1952፣ ሄልሲንኪ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር ተጠናቆ ሽልማት ሊሰጥ ነው። አንደኛ የወጣው ሄንሪ ሴንት ሲር የሚባል የስዊድን ጦር መኮንን ነው። ሁለተኛ የወጣችው ሊስ ሃርቴል የምትባል የ31 ዓመት ዴንማርካዊት ናት። ችግሩ፣ ሁለተኛዋ ከፈረሷ ብቻዋን መውረድ አትችልም። ከወረደችም በኋላ መድረኩ ላይ ብቻዋን መውጣት አትችልም። ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ ከስምንት ዓመት በፊት በፖሊዮ ሽባ ሆኗል። መኮንኑ ያሸነፋትን ሴት ደግፎ ወደ መድረኩ አወጣት።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህችን ቅጽበት ይዞ ነው። ሽባ ሴት ፈረስ ላይ ወጣች፣ ሜዳሊያ ወሰደች፣ ተአምር ሆነ፣ አለቀ። እንዲህ ሲነገር ግን ሁለት ትልልቅ ነገሮች ይጠፋሉ። አንደኛው ከበሽታው በፊት የነበሩት የልምምድ ዓመታት ናቸው፤ ያለ እነሱ ሜዳሊያው አይታሰብም። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ሊስ ሃርቴል ሁለት እግሯ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ፣ የሀገሯ ሻምፒዮን በነበረችበት ጊዜ፣ በኦሎምፒክ መወዳደር አትችልም ነበር። የኦሎምፒክን በር የዘጋባት ፖሊዮ አልነበረም።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ስፖርቱን እንወቀው።

ድሬሳዥ ይሉታል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ማሠልጠን ማለት ነው። ሩጫ የለበትም፣ ዝላይም የለበትም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ሜዳ ውስጥ አንድ ፈረስና አንድ ጋላቢ ብቻቸውን ይገባሉ። ዳኞች በሜዳው ዳር ተቀምጠው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በነጥብ ይመዝናሉ። ፈረሱ በእርምጃ ይሄዳል፣ በሶምሶማ ይሄዳል፣ ይጋልባል። እግሩን እያጣመረ ወደ ጎን ይሄዳል። ባለበት ቦታ ሆኖ፣ ወደፊት ሳይራመድ፣ በሶምሶማ ምት እግሩን ያነሳል፣ ይጥላል። የኋላ እግሮቹን ከቦታቸው ብዙም ሳያርቅ በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ለማያውቅ ሰው ፈረሱ በገዛ ሐሳቡ የሚጨፍር ይመስላል።

ጥሩ ጋላቢ የሚባለው ደግሞ ምንም የማያደርግ የሚመስለው ነው። እጁ አይወራጭም፣ እግሩ አይማታም፣ ፈረሱን በድምፅ ካዘዘ ነጥብ ይቀነስበታል። ከሥር ግን የማያቋርጥ ንግግር አለ። ጋላቢው በባቱ የፈረሱን ጎን ጫን ያደርጋል፣ ተረከዙን ያስጠጋል፣ ዛቡን በጣቶቹ ጠበቅ ላላ ያደርጋል፣ ክብደቱን ከአንዱ ዳሌ ወደ ሌላው ያዛውራል። ፈረሱ ይህን ሁሉ በቆዳው ያነብባል። ከእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ዋነኛው የእግር ነው። ፈረሱን ወደፊት የሚገፋው፣ ወደ ጎን የሚያስኬደው፣ የኋላ እግሩን ከሆዱ ሥር እንዲያስገባ የሚያስገድደው እግር ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የስፖርቱ ሥር ጦር ሜዳ ነው። በአንድ እጁ ጎራዴ የያዘ ፈረሰኛ፣ ፈረሱን በሌላው እጁና በእግሩ ብቻ ማዞር፣ ማስቆም፣ ወደ ጎን ማስፈንጠር ካልቻለ አለቀለት። ለእኛ ሀገር ሰው ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። መኳንንቱ ረጅም መንገድ ሲሄዱ እነሱ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ፈረሳቸው እየተሳበ የሚከተላቸው፣ ፈረስ ለውጊያ የሚጠበቅ ስለነበረ ነው። ጉግስም ዛሬ የበዓል ጨዋታ ቢሆንም ትናንት የጦር ልምምድ ነበር።

አውሮፓም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እዚያም ፈረስና መኮንንነት አንድ ላይ ተገምደው ኖረዋል። ድሬሳዥ በ1912 በስቶክሆልም ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ የመኮንኖች ስፖርት ሆኖ ገባ፤ ለአርባ ዓመት ያህልም እንደዚያው ቆየ። መሳተፍ የሚችለው መኮንን ወይም «አማተር» የሚባል የጨዋ ልጅ ነው። ሳጅንና ከዚያ በታች ያለ ወታደር ፈረስ ማሠልጠን እንጀራው ነው ተብሎ እንደ ባለሙያ ይቆጠርና ይከለከላል። መኮንኑ ግን በመንግሥት ደመወዝ፣ በመንግሥት ፈረስ ላይ ቢውል ቢያድር አማተር ነው። እንዲህ ያለ ደንብ የሚያወጣ ሰው መቼም ራሱ ሳጅን ሆኖ አያውቅም። ሴትማ ጭራሽ ከጥያቄው ውጭ ነበረች።

ሊስ ሃርቴል የተወለደችው ማርች 14 ቀን 1921 ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ባለችው ሄለሩፕ ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው፤ አጋጣሚ ነው እንጂ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሄለሩፕ የደኅና ኑሮ ሰፈር ናት። ፈረስ መያዝ ያኔም ርካሽ አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። ልጅቷ ፈረስ ላይ የወጣችው የሚያስወጣት ቤተሰብ ስለነበራት ነው። ይህን መናገር ከክብሯ አይቀንስም።

የመጀመሪያ አስተማሪዋ እናቷ ናት። እንግዲህ አንድ ሕፃን ግልቢያ ሲጀምር የሚማረው ምንድን ነው? ሰው የሚገምተው ፈረስ ማዘዝ ይመስለዋል። አይደለም፤ መቀመጥ ነው የሚማረው። በአውሮፓ የግልቢያ ትምህርት ልማድ ጀማሪው፣ ፈረሱ በረጅም ገመድ ተይዞ ክብ እየዞረ፣ ያለ ርካብ ይቀመጣል። ዛብም አይሰጠውም። እጁን ዘርግቶ፣ ወይም ወገቡን ይዞ፣ የፈረሱን ጀርባ ምት በራሱ ወገብ መቀበል ይለማመዳል። የሚይዘው ነገር ስለሌለ ያለው አማራጭ ሚዛኑን መጠበቅ ነው። ይህ ሥልጠና አሰልቺ ነው፣ ወራት ይፈጃል፣ ልጆች ያለቅሱበታል። ውጤቱ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ብስክሌት መንዳት የለመደ ሰው እንደማይረሳው፣ ልጅ ሆኖ መቀመጥ የተማረ ጋላቢም አይረሳውም።

ከእናቷ በኋላ ጉናር አንደርሰን የተባለ ዴንማርካዊ አሠልጣኝ ተረከባት። በ1943 የዴንማርክ የድሬሳዥ ሻምፒዮን ሆነች፣ በ1944ም ደገመችው። ያኔ ሀገሯ ከአፕሪል 1940 ጀምሮ በናዚ ጀርመን የተያዘች ናት። የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮች በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄዱም፤ ቢካሄዱም ለእሷ ትርጉም አልነበራቸውም። በድሬሳዥ አንዲት ሴት የምትደርስበት የመጨረሻው ጣሪያ ላይ በ23 ዓመቷ ደርሳለች። አግብታለች፣ አንዲት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለተኛ ልጅ አርግዛለች።

ሴፕቴምበር 1944 ፖሊዮ ያዛት።

ፖሊዮ ለኢትዮጵያ እናት አዲስ ቃል አይደለም። ጤና ሠራተኞች በየቤቱ እያንኳኩ ሕፃናት አፍ ላይ ጠብ የሚያደርጓት ጠብታ የዚህ በሽታ መከላከያ ናት። በ1944 ግን ጠብታም መርፌም አልነበረም፤ የመጀመሪያው ክትባት ሥራ ላይ የዋለው በ1955 ነው። ቫይረሱ አከርካሪ ውስጥ ገብቶ ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል። የሞተው አይመለስም። ሊስ እግሯን፣ እጆቿን፣ ክንዶቿን ማዘዝ አቃታት። የፀነሰችው ልጅ ግን ጤነኛ ሆና ተወለደች።

ሐኪሞቹ በክራንች ከመሄድ ያለፈ ተስፋ አልሰጧትም። እሷ መጀመሪያ ክንዷን ማንሳት ተለማመደች። ከዚያ እንደ ሕፃን መዳህ። ከዚያ በክራንች መቆም። የጭኗ ጡንቻዎች በከፊል ተመለሱላት፤ ከጉልበት በታች ያለው ግን አልተመለሰም፤ እጆቿም እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ከዚያ ደግሞ ፈረስ ላይ አውጡኝ አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጀግንነት ወሬ የሚወዱ ጸሐፊዎች ይህችን ስፍራ በሩጫ ያልፏታል። አውጡኝ ያለችው ሰው ስለነበረ ነው። ባሏ ነበረ፣ እናቷ ነበረች። ከመሬት አንስቶ ኮርቻ ላይ የሚያስቀምጣት፣ ስትወድቅ የሚያነሳት፣ በማግሥቱም ያንኑ የሚደግም ሰው ነበረ። ወድቃለች፣ ደጋግማ ወድቃለች። ሄልሲንኪ ላይ ዓለም ያየው ድጋፍ ለስምንት ዓመት በየቀኑ የተደረገው ነው፤ ልዩነቱ ፎቶ አንሺ መኖሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እግር ቋንቋ እንመለስ። የድሬሳዥ ዋነኛ ቋንቋ እግር ከሆነ፣ ባቷና ተረከዟ የማይታዘዝላት ሴት እንዴት ፈረስ ታናግራለች? መልሱ የፖሊዮን ጠባይ ከማወቅ ይጀምራል። ፖሊዮ እንቅስቃሴን ይገድላል እንጂ ስሜትን አይነካም። የፖሊዮ ተጎጂ እግሩን ማንቀሳቀስ ባይችልም ሲነኩት ያውቃል። ብርዱን ያውቃል፣ ሙቀቱን ያውቃል። ስለዚህ ሊስ ፈረሱ ከሥሯ ምን እያደረገ እንደሆነ ትሰማ ነበር፤ የትኛው የኋላ እግር መሬት እንደነካ፣ ጀርባው መቼ እንደጠነከረ፣ መቼ እንደላላ። ግልቢያ ግማሹ መስማት ነው። ያጣችው መናገሪያውን ነው።

መናገሪያውን ከሌላ ቦታ አመጣችው። ከጀርባዋ፣ ከወገቧ፣ ከክብደቷ። ጁቢሊ የምትባል ባዝራ ነበረቻት። ባዝራዋ የባት ግፊት ሳትጠብቅ የጋላቢዋን ክብደት ትንሽ መዛወር እንድታነብብ አደረገቻት። ይህ በአንድ ወቅት የሚሆን አይደለም፤ ዓመታት ነው የፈጀው። የሚገርመው ግን አለ። የድሬሳዥ የጥንት ሊቃውንት የሥልጠናው ጫፍ ብለው የሚጽፉት ይህንኑ ነው፤ በእግርና በእጅ የሚደረገው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ መቀመጥ ብቻ ሲቀር። ጤነኛ ጋላቢ እዚያ ለመድረስ ከገዛ እግሩ ጋር ሲታገል ይኖራል፤ እሷ የምትታገለው እግር አልነበራትም። ይህን ስንል ሕመሙን በረከት ማድረጋችን አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያጽናና ሰው ታሞ አያውቅም። ሜዳው ላይ የታየው ግን ይህ ነው፣ ዳኞቹም ነጥብ የሰጡት ለዚህ ነው። እናቷ ያስተማረቻት መቀመጥ ባይኖር ኖሮ ግን ከበሽታው በኋላ የሚገነባበት መሠረት አይኖርም ነበር።

በ1947 በስካንዲኔቪያ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች። ታማ በሦስተኛ ዓመቷ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት የለንደን ኦሎምፒክ መጣ። እሷ ቤቷ ቀረች። በእግሯ ምክንያት አይደለም፤ መኮንን ስላልሆነች፣ ወንድም ስላልሆነች።

ለንደን ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። በሩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነውና ታሪኩን በደንብ ማየት ይገባል።

የስዊድን ቡድን ጌህኔል ፐርሾን የሚባል ድንቅ ጋላቢ ነበረው። ሰውየው ሳጅን ነው። ደንቡ ሳጅን አይፈቅድም። ስዊድኖች ምን አደረጉ? ከውድድሩ በፊት የመኮንን ማዕረግ ሰጡት። ፐርሾን መኮንን ሆኖ ለንደን ገባ፣ ጋለበ፤ ስዊድን በቡድን ወርቅ ወሰደች። ከዚያ ሰውየው ሀገሩ ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ማዕረጉን መልሰው ገፈፉት፤ ሳጅንነቱ ተመለሰለት። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ነገሩን ደረሰበት። በ1949 የስዊድን ቡድን ተሰረዘ፣ ወርቁም ለፈረንሳይ ተላለፈ።

ስዊድኖች አጭበርብረዋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ቅሌቱ ያጋለጠው ከስዊድኖች ይልቅ ደንቡን ነው። ያው ሰው፣ ያው ፈረስ፣ ያው ግልቢያ። ትከሻው ላይ ያለው ምልክት ሲለወጥ ወርቅ ይገባዋል፣ ምልክቱ ሲነሳ አይገባውም። ፈረሱ የጋላቢውን ማዕረግ አያውቅም፤ ዳኛው ሊያውቅ የሚገባው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል አልተገኘም። ለ1952 ውድድር ደንቡ ተነሳ። ከመኮንን በታች ያሉ ወታደሮች ተፈቀደላቸው። በዚሁ ለውጥ ሴቶችም በድሬሳዥ ከወንዶች ጋር እኩል እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። (በዝላይ ውድድር እስከ 1956፣ የሦስት ቀን ውድድር በሚባለው ደግሞ እስከ 1964 መጠበቅ ነበረባቸው። በር በአንድ ጊዜ ወለል ብሎ ሲከፈት ማየት ብርቅ ነው።)

ሄልሲንኪ ላይ አራት ሴቶች ቀረቡ። ከአሜሪካ ማርጆሪ ሄይንስ፣ ከጀርመን ኢዳ ፎን ናገል፣ ከኖርዌይ ኤልሰ ክሪስቶፈርሰን፣ ከዴንማርክ ሊስ ሃርቴል። አራተኛዋ ፈረሷ ላይ ሰው አንስቶ ያስቀመጣት ናት። ከተቀመጠች በኋላ ግን ሜዳው ላይ ያለችው አንዲት ጋላቢና አንዲት ባዝራ ናቸው። ዳኛ የሚያየው ያንን ነው፤ ለክራንች የሚታሰብ ነጥብ የለም።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። ሴንት ሲር 561፣ ሃርቴል 541.5፣ ሦስተኛ የወጣው ፈረንሳዊው አንድሬ ጁሶም 541። በብርና በነሐስ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ነጥብ ነው። ሃርቴል በኦሎምፒክ የፈረስ ስፖርት በግል ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

አሁን መድረኩን በዚያ ዓይን እንየው። አንደኛው ሴንት ሲር በ1948 ከሳጅን ፐርሾን ጋር በአንድ ቡድን ነበረ፤ ወርቁን የተቀማው በዚያ ማዕረግ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ጁሶም ያ የተቀማ ወርቅ ከተላለፈለት የፈረንሳይ ቡድን አንዱ ነው። በመካከላቸው የቆመችው ሴት ደግሞ ከዚያ ቅሌት ቀጥሎ በተከፈተው በር የገባች ናት። ሦስቱም የአንድ ሳጅን ታሪክ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ፐርሾን ራሱም አልጠፋም፤ በ1952ም በ1956ም ከስዊድን ቡድን ጋር ወርቅ ወስዷል፤ እነዚያን ማንም አልቀማውም።

ዴንማርክ ያን ሰሞን የተደሰተችበት ጊዜ አጭር ነበር። በዚያው ወቅት ኮፐንሃገን በታሪኳ አይታ በማታውቀው የፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። ብሌግዳም የሚባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ሞላ። ቫይረሱ እግር ላይ አልቆመም፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያዘ። ሰው እያወቀ፣ እያየ፣ አየር እያጠረው ይሞት ነበር። ኦገስት 27፣ ሊስ መድረኩ ላይ ከቆመች አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ እንዲገባ አደረገ፤ ከዚያም በላስቲክ ከረጢት፣ በእጅ እየጨመቀ አየር ሰጣት። ልጅቷ ተረፈች። ዘዴው ይሠራል፤ ግን ለስንት በሽተኛ ማን ይጨምቃል? የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች እየተፈራረቁ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለወራት፣ ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ነገር ከዚያ ሆስፒታል ነው የሚጀምረው።

ሃርቴል ከሜዳሊያው በኋላ ትርኢት ስታሳይና ስትናገር፣ ገንዘቡ ለፖሊዮ ተጎጂዎች እንዲውል ስትጥር የሚያዳምጣት ሕዝብ ይህን ያየ ነው። በየሰፈሩ ክራንች የያዘ ልጅ ነበረ። ለዴንማርክ ወላጅ የሊስ ብር ሜዳሊያ የስፖርት ዜና ብቻ ሊሆን አይችልም ነበር።

በ1956 ዋናው ኦሎምፒክ ሜልቦርን ነበር። ለእኛ ይህች ዓመት የማትረሳ ናት፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው፣ ወጣቱ ማሞ ወልዴም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የሮጠው በሜልቦርን ነው። አውስትራሊያ ግን በእንስሳት ኳራንቲን ሕጓ ምክንያት የውጭ ፈረስ አላስገባም አለች። ስለዚህ የፈረስ ውድድሩ ብቻ ተነጥሎ በጁን ወር ስቶክሆልም ላይ ተካሄደ። የተወዳዳሪዎችን ቃለ መሐላ የፈጸመው ሴንት ሲር ነበር፤ ውድድሩንም እሱ አሸነፈ፤ 860 ነጥብ። ሃርቴል በ850 እንደገና ሁለተኛ። የ35 ዓመት ሴት ናት፣ ከሥሯ ያለችው ያችው ጁቢሊ ናት። ጀርመናዊቷ ሊዜሎት ሊንዘንሆፍ በ832 ሦስተኛ ወጣች።

የዚያ ዓመት ዳኝነት ግን ቆሻሻ ነበር። የጀርመኑ ዳኛ ሦስቱን የጀርመን ጋላቢዎች ከላይ ደረደራቸው፤ የስዊድኑ ዳኛ ሦስቱን ስዊድናውያን። ሁለቱም በኋላ ታገዱ። የዴንማርኳ ጋላቢ በሁለቱ አድልዎ መካከል ሁለተኛ ደረጃዋን ይዛ ወጣች፤ ከወርቁ የለያት አሥር ነጥብ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ የጀርመን ቡድን ሦስቱም ሴቶች ነበሩ፣ የቡድን ብርም ወሰዱ። ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈቀደላት ገና አራት ዓመቷ ነው። ሊንዘንሆፍ በ1972 ሙኒክ ላይ ተመልሳ በኦሎምፒክ የፈረስ ስፖርት የግል ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የሃርቴል እጅ ወርቅ አልነካም።

ሃርቴል ከውድድር ስትርቅ የቀራት ሥራ ይበልጥ ሰፊ ነበር። በግልቢያ የሚሰጥ ሕክምና በስካንዲኔቪያ ሥር እንዲሰድ ስሟንም ጉልበቷንም ሰጥታለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ ጀርባው የሚያደርገው እንቅስቃሴ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ የሰው ዳሌ በእግር ሲሄድ ከሚያደርገው ጋር ይቀራረባል። መራመድ የማይችል ልጅ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ወገቡ የመራመድን ምት ይለማመዳል። ሆላንድ ውስጥ በስሟ የተቋቋመ ድርጅት አካል ጉዳተኞችን ያስጋልባል። በ1992 ወደ ዴንማርክ የስፖርት የክብር መዝገብ ገባች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአትላንታው ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ድሬሳዥ የውድድሩ አካል ሆነ፤ እስከ ዛሬም አለ። እሷ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 በ87 ዓመቷ አረፈች።

በሕክምና ግልቢያ ማእከላት ፈረሱ አጠገብ መወጣጫ ይቆማል። ልጁን ከተሽከርካሪ ወንበሩ አንስተው ጀርባው ላይ ያስቀምጡታል። ፈረሱን የሚመራ አንድ ሰው ከፊት ይሆናል። ሌሎቹ ሁለቱ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ልጁን ጭኑ ላይ ያዝ አድርገው ፈረሱ እስኪቆም አብረው ይሄዳሉ።